ሲሚንቶ ከመግዛትሽ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ እወቂ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምንኖረው ሳቢያን ነው። ወንድሜ ጓሮ ውስጥ በሲሚንቶ የሠራልኝ ገንዳ አለ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ስድስት ዳክዬዎች አሉኝ፤ እናቴ ከማረፏ በፊት ከሰጠችኝ ጥንድ የተፈለፈሉ ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ ገንዳው ማፍሰስ ጀመረ። ማታ ሞልቼው አድራለሁ፣ ጠዋት ስንዝር ጎድሎ አገኘዋለሁ። ግንበኛ ጠርቼ በሲሚንቶ ለቀለቀልኝ፤ ሦስት ሳምንት አልቆየም። የውሃ ቢል ጨመረብን፤ ጎረቤቴ አጥር ሥርም እርጥበት መታየት ጀምሯል። ባለቤቴ ‹ወይ ገንዳውን ድፈኚው፣ ወይ ዳክዬዎቹን ሽጪያቸው› ይለኛል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ሬንጅ ቀቢው አለኝ። ወንድሜ አሁን ጅቡቲ ነው የሚሠራው። ምን ይሻለኛል?»
ባለ ዳክዬዋ፣ ከድሬዳዋ

እህቴ፣ የድሬ ሰው ስለሆንሽ «አንቺ» ልበልሽ፤ እኛ ዘንድ «እርስዎ» ርቀት ነው። የእናትሽን ነፍስ ይማር። ከእናት እጅ የመጣን ነገር «ሽጪው» ሲሉሽ እንዴት እንደሚከብድ ይገባኛል። ዳክዬዎቹን አትሽጪ። ገንዳውንም አትድፈኚ። ግን ሌላ ከረጢት ሲሚንቶም እንዳትገዢ፣ ገና ነው። መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብን። ግንበኛው ቀዳዳውን ሳያገኝ ነው የለቀለቀው፤ ሦስት ሳምንት ያልቆየውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከቆጣሪው ጀምሪ። ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ ማታ ሁሉም ሰው ተጠቅሞ ሲጨርስ የግቢውን ቧንቧዎች በሙሉ ዝጊ፤ የሽንት ቤቱን አትርሺ። ሮቶ ካላችሁ ሞልቶ መዝጋቱን አረጋግጪ፣ አለዚያ እሱ ሲሞላ ቆጣሪው ይዞርና በከንቱ ትደነግጫለሽ። ከዚያ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ እይው። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ መሬት ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧም አለሽ ማለት ነው። የቢሉ መጨመርም የጎረቤትሽ አጥር እርጥበትም ከእሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታዪ ገንዳውን ብቻ ስታሳድዱ ብትከርሙ ያሳዝናል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ወደ ገንዳው እንመለስ።

ሒሳቡን ላስቀምጥልሽ። ገንዳሽ ጢም ሲል 1,500 ሊትር ይይዛል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 75 ጀሪካን ነው። ስፋቱ 3 ካሬ ሜትር ስለሆነ ውሃው 1 ሳንቲ ሜትር በጎደለ ቁጥር 30 ሊትር ሄደ። ስንዝር ያልሽው 20 ሳንቲ ሜትር ግድም ከሆነ በአንድ ሌሊት 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ጀሪካን ነው። አቦ፣ ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ይህ ብዙ ነው። ባለቤትሽ መናደዱ አይገርምም። በነገራችን ላይ ከዛሬ ጀምሮ ስንዝሩን ተዪና በማስመሪያ ለኪ።

ግን የጎደለው ሁሉ በስንጥቅ የሄደ አይደለም። በእኛ ሀሩር ፀሐይና ነፋስ ብቻቸውን በቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም ያልፋል። ዳክዬዎቹም አሉ። ዳክዬ ውሃ ውስጥ ገብታ ዝም ብላ አትቀመጥም። ጭንቅላቷን ትነክራለች፣ ውሃውን ወደ ጀርባዋ ትወረውራለች፣ ክንፏን ትመታለች፣ ከዚያ ወጥታ ዳር ላይ ትራገፋለች። ስድስቱ ተራ በተራ እንዲህ ሲያደርጉ ከገንዳው ዳር ያለው መሬት ቀኑን ሙሉ ጭቃ ነው። የአጥሩ እርጥበት ከዚህ ጭቃ የመጣ እንደሆነስ?

ይህን የሚለይልሽ አንድ ባልዲ ነው። ዳክዬዎቹን ለአንድ ቀንና ሌሊት ከገንዳው አርቂያቸው። ገንዳውን ሙዪ። ውስጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጪና ባልዲውን በላዩ አቁሚው፤ አፉ ከውሃው ትንሽ ከፍ ይበል። ባልዲውን በራሱ በገንዳው ውሃ ሙዪው፤ የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል ይሁኑ። ከዚያ በማርከር ባልዲው ላይ ከውስጥ አንድ መስመር፣ ከውጭ አንድ መስመር አስምሪ። በነጋታው በዚያው ሰዓት ሁለቱን ለኪ። ባልዲው ውስጥ የጎደለው ፀሐይ የወሰደው ነው፤ ባልዲው አያፈስማ። ውጭ የጎደለው ከዚያ በጣም ከበለጠ ልዩነቱ የገንዳው ፍሳሽ ነው። ሁለቱም እኩል ከጎደሉ ገንዳሽ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የዳክዬዎቹ መራገፍ ነው፣ እሱ ደግሞ መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ በኋላ እነግርሻለሁ።

ካፈሰሰ አትሙዪው። ተዪው ይጉደል። ጠዋት ጠዋት ውሃው የደረሰበት ላይ ግድግዳው ላይ አስምሪ። በፍጥነት ሲወርድ ሲወርድ ይቆይና አንድ ቦታ ሲደርስ ፍጥነቱ በድንገት ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ እንደ ባልዲው ቀስ እያለ ብቻ ይቀንሳል። ቀዳዳው ያለው እዚያ መስመር ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ዙሪያውን በዚያ ከፍታ መፈለግ ነው። ምንም ሳይቆም እስከ መጨረሻው ጠብ ካለ ቀዳዳው ከታች ነው፤ ወይ ወለሉ፣ ወይ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ፣ ወይ ማፍሰሻው ቱቦ።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው። ወንድምሽ ከታች የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ በታፖ፣ ማለትም በክዳን፣ ዘግቶት ከሆነ፣ ፕላስቲኩና ሲሚንቶው የሚገናኙበትን ዙሪያ ደህና አድርገሽ እይው። ሲሚንቶ ለስላሳ ፕላስቲክ አይዝም። ሲደርቅ ይሸሻል፣ በመካከላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ይቀራል፣ ውሃ ደግሞ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ግንበኛው ከላይ በለቀለቀው ልስን ይህ ይሸፈናል እንጂ አይደፈንም።

ስንጥቅ ለማየት ሌላም ዘዴ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ውሃውን አውጪና ግድግዳውን በሽቦ ብሩሽ እሺው። አረንጓዴው ዝቃጭ በሙሉ ይልቀቅ። በንጹህ ውሃ አጥቢውና ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። በእኛ ፀሐይ ግድግዳው ዓይንሽ እያየ ይደርቃል፤ ጥቁር ግራጫው ወደ ነጭ ግራጫ ይለወጣል። ያኔ ሁሉም ሲደርቅ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ሳይደርቅ ይቀራል። ስንጥቁ ውሃ ቋጥሮ ስለሚቆይ ነው። ወዲያው በጠመኔ ወይም በከሰል አስምሪበት፤ እሱም ከደረቀ ይጠፋሻል። ውሃ እያለበት መፈተሽ ከፈለግሽ ደግሞ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ትንሽ ወተት ይዘሽ በጠረጠርሽው ቦታ አጠገብ ጠብ አድርጊ። ውሃው እንዳይናወጥ። የሚያፈስ ቦታ ካለ ነጩ ወተት እንደ ክር ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ጥገናው። ሲሚንቶ መግዛት ያለብሽ አሁን ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ብዙ አያስፈልግም።

ስንጥቅን ከላይ መለቅለቅ ቁስልን ሳያጥቡ ፕላስተር መለጠፍ ነው። መጀመሪያ መከፈት አለበት። በስካልፔሎ (በግንበኛ መሮ) እና በመዶሻ ስንጥቁን ተከትለሽ ወርዱም ጥልቀቱም ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦይ አውጪ። ከተቻለ ቦዩ ከውስጥ ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል፤ የሚገባው ማልታ፣ ማለትም የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቁ፣ ሲደርቅ ነቅሎ መውጫ አያገኝም። ከስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ደግሞ አንድ ስንዝር አልፈሽ ሂጂ፤ ዓይን የማያየው ቅጣይ አለው። ብናኙን ጥረጊ፣ አጥቢ። ቦዩ እርጥብ ይሁን፣ ግን ውሃ አይቋጥር።

አሸዋው ላይ አደራ። ከደቻቱ ወንዝ የተዛቀ አሸዋ ብዙ ጊዜ ጭቃ አለበት። ጠርሙስ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ጨምሪ፣ ውሃ ሙዪበት፣ በደንብ ናጪና ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀምጪው። አሸዋው ከታች ይተኛል፣ ጭቃው ከላይ። ጭቃው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ከበለጠ አሸዋውን እጠቢው። ጭቃ ያለበት ማልታ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

በአንድ ጣሳ ሲሚንቶ ሦስት ጣሳ አሸዋ። ውሃ አታብዢ፤ በእጅሽ ጨብጠሽ ስትለቂው ቅርጹን ይዞ የሚቀር ይሁን። ከሲሚንቶ ጋር የሚደባለቅ ውሃ መከላከያ ፈሳሽ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ታገኛለሽ፤ ብዙ ሰው ሲካ ነው የሚለው። መጠኑን ዕቃው ላይ እንደተጻፈው አድርጊ። ማልታውን ከመክተትሽ በፊት ቦዩን በቦያካ ቀቢው፤ ሲሚንቶና ውሃ ብቻ፣ እንደ አጥሚት የቀጠነ። ቦያካው ሳይደርቅ ማልታውን ጠቅጥቀሽ ክተቺ። በጣትሽ ጫፍ፣ በእንጨት፣ በሆነው፣ ብቻ አየር አይቅር። ለእጅሽ ጓንት አትርሺ፤ ሲሚንቶ ያቃጥላል።

ቱቦው ከሆነ ዙሪያውን ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ቆፍሪው። የፕላስቲኩን ገላ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሪው። ከዚያ የቱቦ ማጣበቂያ ቀቢና ወዲያው ደረቅ አሸዋ ነስንሺበት። ሲደርቅ አሸዋው ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲሚንቶውም የሚይዘው ሻካራ ነገር አገኘ ማለት ነው። ታፖውን ቴፍሎን ጠቅልለሽ መልሺ። ጥግ ከሆነ ደግሞ ማልታውን ከጠቀጠቅሽ በኋላ በጠርሙስ ጎን አሽተሽ ክብ አድርጊው። ስል ጥግ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ለማጠብም አይመችም። ትልቁ ስንጥቅ ከተደፈነ በኋላ የሚቀሩ ቀጫጭኖች ካሉ መላውን ገንዳ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ቦያካ ቀቢው፤ አንዴ አግድም፣ በነጋታው ቁልቁል። ፀጉር የማያህሉት አይጨንቁሽ። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂው የለ? የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል። ያ ኖራ ከጊዜ ጋር በጣም ቀጫጭን ስንጥቆችን ራሱ ይሞላቸዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ድሬ ውስጥ ሲሚንቶን የሚያበላሸው ፀሐይ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም፤ ውሃ ጠጥቶ ነው። ውሃው ቶሎ ከተነነ ማልታው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። እኔ ከዓመታት በፊት ግቢዬን ያሠራሁት ሰው እኩለ ቀን ላይ ለስኖልኝ ሄደ። ማታ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ተፈረፈረ። ያንቺም ግንበኛ በቀትር ሠርቶ ከሆነ አይገርመኝም። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሥሪ። እንደጨረስሽ፣ ማልታው ትንሽ ሲጠነክር እርጥብ ጆንያ አልብሺው። ሰባት ቀን ሙሉ ጆንያው እንዳይደርቅ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ውሃ አርከፍክፊ። ልጆች ካሉሽ ተራ አስይዣቸው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የአንድ ሳምንት ጆንያ ነው ገንዳውን የሚያቆየው።

ከሰባት ቀን በኋላም ዳክዬዎቹ አይግቡ። ከአዲስ ሲሚንቶ የሚወጣው ኖራ ውሃውን እንደ አመድ ውሃ ያደርገዋል፤ ዓይናቸውንና ቆዳቸውን ይለበልባቸዋል። ገንዳውን ጥገናው እስኪሸፈን ሙዪ፣ ሦስት ቀን አቆዪ፣ አውጪ፣ በብሩሽ እሺ። ይህን ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ አድርጊ። ያን ውሃ ተክል አታጠጪበት፤ ለሽንት ቤት ይሁን።

ሬንጁን እርሺው። ዘመድሽ በቅንነት ነው የመከረሽ፣ ግን ሬንጅ በእኛ ፀሐይ ይለሰልሳል፣ ዳክዬዎቹም ውስጡ ይዋኛሉ፣ ውሃውን ይጠጣሉ። ዘይትነት ያለው ነገር ላባቸውን ከነካ ደግሞ ላባው ውሃ መከላከሉን ያቆማል፤ የረጠበች ዳክዬ ትታመማለች። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም የዘይት ቀለምም ያው ነው።

ስንጥቁ ተጠግኖ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ከተከፈተ ግን መሬቱ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ገንዳው አጠገብ የኒም ዛፍ አለሽ? ሳቢያን ግቢዎች ውስጥ ኒም አይጠፋም፣ ሥሩም ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ከሲሚንቶ ጋር አትታገዪ። ገንዳውን በጂኦሜምብሬን አልብሺው፤ ገበሬዎች የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ወፍራሙ ጥቁር ፕላስቲክ። ከሥሩ አሮጌ ጆንያ አንጥፊ፣ ሻካራው ሲሚንቶ እንዳይበሳው። ወለሉ ላይ ከላይ ሌላ ጆንያና ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊ፤ በተለይ ዳክዬዎችሽ ፊታቸው ላይ ቀይ ሥጋ ያላቸው ዓይነት ከሆኑ ጥፍራቸው ስለታም ነው። ገንዳው ትንሽ ስለሆነ ከቁራጭ ሳይሆን ከአንድ ወጥ ቁርጥ አሠሪው። ስሱን የቤት ላስቲክ አትግዢ፣ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል።

ጥገናው ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ይወስድብሻል፣ ዳክዬዎቹስ? ሰፊ የልብስ ሳፋ በቂያቸው ነው። ጥላ ሥር አድርጊላቸው። መዋኘት ባይችሉም ጭንቅላታቸውን እስከ ዓይናቸው መንከር አለባቸው፤ አፍንጫቸውንና ዓይናቸውን የሚያጸዱት በዚያ ነው። ምግባቸውን ያለ ውሃ እንዳትሰጪ፣ ደረቅ ምግብ ያንቃቸዋል። በዚህ ሙቀት ሳፋውን በቀን ሁለቴ ቀይሪው።

ውሃውን ስለ መቀየር ካነሳን ይህንንም ልንገርሽ፣ ከፍሳሹ ያላነሰ ያሳስበኛል። ድሬዳዋ በትንኝ የሚተላለፈውን የደንጌ ትኩሳት በ2006 ዓ.ም. አይታዋለች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ ሲነሳ አብራ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ነበረች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በበርሜል፣ በገንዳ፣ በሮቶ፣ ሰው ባጠራቀመው ንጹህ ውሃ ትራባለች። ዳክዬዎች እጭ ይበላሉ፣ ግን ጥግ ለጥግ ያለውን ሁሉ አይጨርሱም። እነሱ ከገንዳው በራቁባቸው ቀናት ደግሞ የሚበላው የለም። እንቁላል ትንኝ ለመሆን በሙቀት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በጥገናውም ጊዜ ከጥገናው በኋላም ገንዳው በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ ጥጎቹ ይታሹ። የዳክዬ ውሃ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ከማፍሰሻው ወደ ፓፓያው ወይም ወደ ዘይቱኑ ቦይ ብታወጪለት የሚባክን ነገር አይኖርም።

በየሳምንቱ 75 ጀሪካን እንዴት ልሙላ ትይኝ ይሆናል። አትሙዪ። ስድስት ዳክዬዎች ግማሽ ሜትር ጥልቀት አያስፈልጋቸውም። 30 ሳንቲ ሜትር ይዋኙበታል፣ ይነከሩበታል። 900 ሊትር ማለት ነው፤ ከሙሉው 30 ጀሪካን ቀነሰ። ውሃው ከአፉ ዝቅ ስለሚልም ሲራገፉ ወደ ውጭ የሚረጨው ይቀንሳል። ከታች ድንጋይ ደርድሪላቸው፣ መውጫ ይሆናቸዋል። በኋላ እነግርሻለሁ ያልኩሽ የመራገፉ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው፦ የገንዳውን ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል በጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፊው፤ ተዳፋቱ ወደ ገንዳው ይሁን። ዳር ወጥተው ሲራገፉ ውሃው ተመልሶ ይገባል። ጭቃውም ይቀራል፤ ዳክዬ ጭቃ ካገኘች በመንቁሯ እየቆፈረች የገንዳውን ጠርዝ ከሥሩ ባዶ ታደርገዋለች።

ጎረቤትሽን ዛሬውኑ አነጋግሪያት። ከባልዲው ውጤት በፊት ሂጂ። «አጥርሽ ሥር ያለውን እርጥበት አይቻለሁ፣ እየፈተሽኩ ነው» በያት። ገንዳው ሲደርቅ የአጥሩ እርጥበት በሳምንት ሁለት ሳምንት ከቀነሰ ምክንያቱ እሱ ነበር። ካልቀነሰ የእነሱም ቧንቧ ይታይ። ለባለቤትሽ ደግሞ ማስመሪያውን ስጪው። ጠዋት ጠዋት የሚለካው እሱ ይሁን። 30 ጀሪካን የት እንደሚሄድ ማወቅ እሱም ይፈልጋል።

ሁሉም ሲያልቅ መጀመሪያ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሙዪ፣ አስምሪ፣ ባልዲውን መልሰሽ አቁሚና አንድ ቀንና ሌሊት ጠብቂ። የባልዲውና የገንዳው እኩል ከጎደሉ የዳክዬዎቹን በር ክፈቺላቸው።